የሀጂ ሸረፈዲን ጉማሬ

ሀጂ ሸረፈዲን በብርድ ልብስ የከበረ ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ጄፒ በሚባል የገበያ ሰፈር፣ ሐበሻው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ በሚነግድበት ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤቱም አንደኛ ፎቁም የሱ ነው። ነብር የታተመበት፣ አንበሳ የታተመበት፣ ስሙ የማይታወቅ አውሬ የታተመበት ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ግን ብርድ ልብስ የሚሸጥን ሰው ማን ይፈራዋል? ቢበዛ ይወደዋል። ሀጂ ደግሞ መወደድ ሰልችቶት ነበር። መጋዘኑ በተዘረፈ ማግስት፣ ሌላው ሰው ቢሆን ዘበኛ የሚቀጥርበትን፣ ካሜራ የሚያስገጥምበትን ገንዘብ ይዞ ሄደና የጦር መኪና ገዛ።

የጦር መኪና ሲባል ጂፕ እንዳይመስላችሁ። ብረት ለበስ ነው። ጎማው የሰው ደረት ይደርሳል፤ ሆዱ ፈንጂ እንዲያንሸራትት ተብሎ እንደ ጀልባ ሾሏል፤ መስኮቶቹ ጠበብ ጠበብ ያሉ፣ አኩርፎ የጠበበ ዓይን የሚመስሉ ናቸው። በነጮቹ መንግሥት ዘመን ፖሊስ በጥቁሮች ሰፈር እየነዳ ሰው ሲያስለቅስበት የኖረ ነው። መንግሥቱ ሲወድቅ እሱም ጡረታ ወጣና አንድ እርሻ ላይ ዶሮ ሲያድርበት ከረመ። ከዚያ ኦም ኮቡስ የሚባል ነጭ ሽማግሌ መካኒክ አገኘው። ኦም ኮቡስና ጓደኞቹ አሮጌ የጦር መኪና እያደሱ በየበዓሉ ለሕዝብ የሚያሳዩበት ክበብ አላቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁምጣ ለብሰው፣ ሆዳቸውን አስቀድመው፣ ዝገት ሲፍቁ ይውላሉ። ሌላው ዓለም ዝገቱን ሊረሳው ሲታገል እነሱ በብሩሽ ያንፀባርቁታል። ሀጂ የክበቡ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ። ይህንንም ለሰው ሲያወራ እንደ ሹመት ነበር የሚያወራው።

አንድ ነገር ግን ጎደለው፤ መትረየስ። ድሮ መትረየሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ቀዳዳ ነው። ያለ መትረየስ ብረት ለበስ ምንድነው? ትልቅ የቆሻሻ መኪና! ሀጂ ይህን ባሰበ ቁጥር እየከፋው፣ በመጨረሻ ዱርንፎንቴን በሚባለው ሰፈር በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ጠርቶ ከውሃ ቧንቧ መትረየስ አሠራ። ቧንቧው ተቆረጠ፣ ተበየደ፣ ጥቁር ተቀባ፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መዘውር ተገጠመለት። ከሩቅ ላየው ያስደነግጣል። ጠጋ ላለው ግን የቧንቧው ፋብሪካ ያተመው የመጠን ቁጥር በቀለሙ ውስጥ ያስታውቃል። ሀጂ ሰው ጠጋ እንዲል አይወድም ነበር።

ሙርሺዳ ይህን ጉድ ያየችው በቅርስ ቀን ዋዜማ ነው።

ሙርሺዳ ባሏን ሙዘሚልን የቀበረች ሴት ናት። ሎኬሽን በሚሉት ከከተማው ዳር ባለ የጥቁሮች ሰፈር፣ ማንጉባኔ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ፣ ወደ መንገዱ በሚከፈት አንድ ክፍል ባልና ሚስቱ ሱቅ ነበራቸው። ስኳር፣ ሻማ፣ ሳሙና፣ በነጠላ የሚሸጥ ሲጋራ። ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን ሱቁ ሊዘጋ ሲል የማይታወቁ ሰዎች ሽጉጥ ይዘው ገቡና ሙዘሚል ከባንኮኒው ኋላ ወድቆ ቀረ። ማንጉባኔ ሱቁን ቆለፉ። ሙርሺዳም ሐበሻ ወደሚበዛበት ወደ ሜይፌር ሰፈር መጥታ ጓደኛዋ ዩስራ ቤት ተጠጋች፤ ቀን ቀን ለሰው መጋረጃ ትሰፋለች።

ሜይፌር የሚጎድል ነገር የለም። መስጊዱ ቅርብ ነው፤ ጎረቤቱ የሀገር ሰው ነው፤ ሥጋ ሻጩ በአማርኛ ይሳደባል። ግን ሙርሺዳ እዚህ ስም የላትም። «የሟቹ ሚስት» ናት። ሴቶቹ ሲያዩዋት ሳቃቸውን ይውጣሉ፤ ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እሷ በገባችበት ቤት ሁሉ ወሬው ለቅሶ ለቅሶ ይላል። ሎኬሽን ግን «ሙሺ» ናት። «ሙሺ፣ ፀጉሬ እንዲህ ሲሠራ ያምርብኛል?» የሚሏት፣ ዙሉኛዋን እየሳቁ የሚያርሟት፣ በልጃቸው ሰርግ በግድ ጎትተው የሚያስጨፍሯት ሴቶች ያሉት እዚያ ነው። መመለስ ፈለገች። ሄዳ ስትለምን ማንጉባኔ እንዲህ አሏት፦

«ምንታናሚ፣» ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እኔ ብቻዬን ብሆን ዛሬውኑ እከፍትልሻለሁ። ሰፈሩ ግን ፈርቷል። አንቺን ሲያዩ ትዝ የሚላቸው ጥይቱ ነው። ከወገኖችሽ ጋር አንድ ቀን በሰላም ተቀምጠው ይብሉ፣ ይሳቁ። ከዚያ የሰፈሩ ኮሚቴ እሺ ካለ ቁልፉ ያንቺ ነው።»

የመስከረሙ የቅርስ ቀን ተመረጠ። በዚያ ቀን የዚህ ሀገር ሰው ሁሉ የየወገኑን ልብስ ለብሶ ሥጋ ሲጠብስ ይውላል። የሐበሻ ነጋዴዎች ሜይፌር ያለውን ሜዳ ያዙ። የሎኬሽኑ ሴቶችና ጎረምሶች ተጋበዙ፤ ኳስም ተባለ፣ ምግብም ተባለ። ወጪውን ሀጂ ሸረፈዲን ቻለ። ሱቁ ሲከፈት ደግሞ ዕቃውን እኔ እሞላዋለሁ፣ ለሙዘሚል ነፍስ ሰደቃ ነው አለ። ሙርሺዳ አለቀሰች፤ እጁን ልትስም ምንም አልቀራት። ሀጂም እጁን ብዙ አላራቀም።

እንግዲህ በዋዜማው ድስትና ሳህን ልትረከብ ከዩስራ ጋር ዱርንፎንቴን፣ የሀጂ ግቢ ሄደች። ብረት ለበሱ ግቢውን ሞልቶ ቆሟል፤ ቢጫ ቀለሙ አዲስ ተቀብቷል። ሀጂ አናቱ ላይ ወጥቶ መዘውር ያዞራል። ከታች ዶክተር አስረሳኸኝ በስልኩ ይቀርፀዋል። ኦም ኮቡስ ጎማ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቃል።

«ሱብሃነላህ!» አለች ዩስራ። «ሀጂ፣ ለብርድ ልብስ ማድረሻ ይሄን ያህል?»

«ሳቂ አንቺ!» አለ ሀጂ ከላይ። «ነገ በዚህ ሜዳው ላይ ስገባ ትስቂያለሽ።»

ሙርሺዳ ወደ መኪናው ቀረብ አለች። «በምን ነው የሚገቡት?»

«በዚህ ነዋ! የቅርስ ቀን አይደል? ሁሉም ቅርሱን ያመጣል።»

«እርስዎ የማንን ቅርስ ነው የሚያመጡት?»

ዶክተር አስረሳኸኝ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ያውም የዚህችኑ ሀገር ታሪክ። የኮሙኒቲው ሊቀመንበርም እሱ ነው። መነጽሩን ሳያወልቅ ቁም ነገር አይናገርም። አሁንም አወለቀ።

«እህቴ ሙርሺዳ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅርስን አጥብበን ማየት የለብንም። ይህ የታደሰ ታሪካዊ ዕቃ ነው። ዕቃ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ዐውዱ ነው የሚወስነው።»

«ዶክተር፣ የሎኬሽን ሰዎች ይሄን መኪና ምን እንደሚሉት ያውቃሉ?»

«ሂፖ፣» አለ ዶክተሩ ወዲያው። ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ስለዚሁ መኪና ለተማሪ ፈተና ያወጣ ሰው ነው።

«ሂፖ ማለት ጉማሬ አይደል?» አለ ሀጂ፣ ፊቱ በርቶ። «ማሻአላህ! እኔ እኮ ስም አጥቼለት ነበር። ጉማሬው! ዶክተር፣ ጎኑ ላይ በአማርኛ እናጽፈዋ!»

«ሀጂ፣ በፍቅር ያወጡለት ስም አይደለም» አለች ሙርሺዳ። «ሴቶቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ይሄ ሲመጣ ልጆቻቸውን አልጋ ሥር ይከቱ ነበር። ከሱ ውስጥ ሆነው ነው ሲተኩሱባቸው የኖሩት። ነገ የሚመጡት እኮ እነሱ ናቸው!»

«ያ ድሮ ነው፣ የኔ እህት።»

«እነሱም የድሮ ሰዎች ናቸው። አልሞቱም።»

ዶክተሩ ሳል ሳል አለውና ወደ ሌላ ወገን አየ። የነገውን ድንኳንና የድምፅ ማጉያ የከፈለው ሀጂ ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ስብሰባም የሚከፍለው ሀጂ ነው። ሙርሺዳ ተስፋ ቆርጣ ወደ ኦም ኮቡስ ዞረች።

«እርስዎ የዚህ ሀገር ሰው ነዎት» አለችው በእንግሊዝኛ። «እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ።»

ሽማግሌው ከጎማው ሥር ሳይነሳ አያት። «እኔ የማውቀው ሞተር ነው፣ እመቤት። መኪና መኪና ነው።» ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ ነገር ጨመረ። የክበቡ ደንብ እንደሚለው፣ ሕዝብ ባለበት ቦታ መሣሪያ ሲታይ፣ የውሸት እንኳ ቢሆን፣ አፈሙዙ ከሰው አናት በላይ ወደ ሰማይ መሆን አለበት፤ ወደ ሰው አይዞርም። ደንብ ደንብ ነው አለ። ያንን መኪና፣ ያስለቀሳቸው ሰዎች መሀል ይዞ መግባትን የሚከለክል ደንብ የለም፤ የቧንቧው አቅጣጫ ግን ደንብ አለው።

«ወደ ሰማይ?» አለች ዩስራ። «ዳመና ልትመቱ ነው?»

ሙርሺዳ ግን መሳቁም አልሆነላት። «ሀጂ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ቀኑ የሙዘሚል ነው። ሙዘሚል በመሣሪያ ነው የሞተው። እርስዎ መሣሪያ አናትዎ ላይ ሰቅለው ሲመጡ ሰው ምን ይላል? ለሟች ክብር የለም ወይ?»

ይህ ሀጂን ነካው። «ክብር» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይነካዋል፤ የማን እንደሆነ አይመርጥም። መዘውሩን ለቆ ጺሙን ዳበሰ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «አላሰብኩትም። ለሟች እንደሚገባው አድርጌ አስተካክለዋለሁ። ነገ ታያለሽ፤ አታፍሪብኝም።»

ያነሳዋል ማለት መሰላት። «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ድስቷን ታቅፋ ወጣች። መንገድ ላይ ዩስራ፣ «አስተካክላለሁ ነው እንጂ እተወዋለሁ አላለም» አለቻት። ሙርሺዳ ድስቷን አጥብቃ ይዛ እርምጃዋን አፈጠነች።

በማግስቱ ቀኑ ብሩህ ነበር። ሚኒባሶቹ የሎኬሽኑን ሴቶች ጭነው ሲመጡ ዘፈናቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ዶቃቸውን አንገታቸው ላይ ደራርበው፣ በቀለማት ያበደ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወረዱ። ሣሩ ላይ የሀጂ ብርድ ልብስ ተነጥፎላቸው፣ ነብሩ ላይ፣ አንበሳው ላይ ተቀመጡ። አንዷ ወጡን ቀምሳ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሙሺ፣ ይሄ ምግብ ነው ቅጣት?»

«ጎጎ፣» አያቴ ማለቷ ነው፣ «ልጅዎ ሲያስቸግርዎት የሚያበሉት ነው።»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ሜዳው ላይ የነጋዴዎቹ ቡድን ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ኳስ ይዟል፤ ነጋዴዎቹ ከሮጡበት የተከራከሩበት ይበልጣል። ግብ በገባባቸው ቁጥር የዋጋ ክርክር ይመስል ዳኛውን ከብበው «ቀንስ!» ይሉታል። የሰፈሩ ልጆች ይህንን አይተው ሣሩ ላይ በሳቅ ወደቁ። ሙርሺዳ እዚህም እዚያም ትላለች፤ ሳህን ታነሳለች፣ ውሃ ታድላለች፣ በሁለቱም ጆሮዋ «ሙሺ፣ ሙሺ» ሲባል ትሰማለች። ሁለት ዓመት ያልሰማችው ስም ነው። አንድ ጊዜ በማንጉባኔ በኩል ስታልፍ አሮጊቷ ቀሚሷን ያዝ አደረጓት።

«የኮሚቴዎቹን ፊት እያየሽ ነው?» አሏት ቀስ ብለው። «ጥሩ ነው። ጥሩ ነው።» ከዚያ ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፤ ቁልፉ እዚያ አለ ማለታቸው ነው።

የብረት ለበሱ ሞተር የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

ሰው ድምፅን በጆሮው ብቻ ነው የሚያውቀው ያለው ማነው? ሴቶቹ ገና መኪናውን ሳያዩ ወሬያቸው ቀጥ አለ። ማንኪያ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ጥጉ ላይ የተቀመጡት ትልቋ ሴትዮ ሳህናቸው ከጭናቸው ተንሸራቶ ሲፈስ አላነሱትም፤ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሰበሩ። ከዚያ ቢጫው ነገር በሜዳው በር ገባ። አናቱ ላይ ሀጂ ሸረፈዲን አለ፤ በነጭ ጀለቢያው ላይ የወታደር ጃኬት ደርቦ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ እጁን ያውለበልባል። ከፊቱ መትረየሱ። አላነሳውም።

«እንኳን ደህና መጡ ለማለት ያህል፣» አለ ዶክተር አስረሳኸኝ በድምፅ ማጉያው፣ በእንግሊዝኛ፣ «የዕለቱ ባለውለታችን በራሳቸው ቅርስ ላይ ሆነው እየገቡ ነው!»

መኪናው መጥቶ መጥቶ ሴቶቹ ፊት ለፊት ቆመ። ሀጂ እጁን አንስቶ ሕዝቡን ጸጥ አሰኘ፤ ጸጥ ያላለም አልነበረም። ከዚያ በታላቅ ቁም ነገር መዘውሩን ያዘና ማዞር ጀመረ። ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የመጣው አፈሙዝ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ።

ከኋላ ከነጋዴዎቹ መሀል «ወይ ሀጂ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላው ዓይኑን ጠረገ። ሀገር ቤት ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚመጣ ባለመሣሪያ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ነው የሚመጣው፤ ያን ያየ ሁሉ ሆዱ ይባባል። ሀጂ «ለሟች እንደሚገባው አስተካክለዋለሁ» ያለው ይህንኑ ነበር። የክበቡን ደንብ ትቶ የአባቱን ደንብ ያዘ። ለሙዘሚል መትረየስ ዘቀዘቀለት።

ነገር ግን በለቅሶ ላይ ጠመንጃ የሚዘቀዝቀው ሰው በእግሩ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ሀጂ ያለው ሁለት ሰው በሚደርስ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ላይ ዝቅ ያለ አፈሙዝ መሬቱን አያይም፤ ሣሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው የሚያየው። ቧንቧው ወርዶ ወርዶ የማንጉባኔ ደረት ላይ ቀጥ አለ።

ሀጂ በሐዘን አንገቱን ደፋ።

ማንጉባኔ ቧንቧውን አዩት። አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ። አንድ እጃቸውን መሬት ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ሳይቸኩሉ ተነሡ። ቀኝ እግራቸውን ደረታቸው ሊደርስ እስኪቀርብ አነሡና መሬቱን መቱት።

«ዬህላ!» አሉ።

ሌላዋ ተነሣች። «ዬህላ!» ሌላዋም። ከዚያ ሁሉም፤ ወፍራሟም፣ በከዘራ የመጣችውም፣ ወጡ ያስለቀሳትም። እግር በአንድነት እየተነሣ መሬት ይመታል፤ ነብሩና አንበሳው ከብርድ ልብሱ ጋር ይረገጣሉ። «ዬህላ! ዬህላ ዌና!» ኳስ የሚጫወቱት ጎረምሶች ጨዋታውን ትተው እየሮጡ መጥተው ከኋላ ተሰለፉ። መሬቱ እንደ ከበሮ ጮኸ።

ሀጂ ቀና አለ። አየ። ፊቱ በፈገግታ ተሞላ።

«ጨፈሩልኝ!» አለ። «ዶክተር! ቅረጽ፣ ቅረጽ!»

ሐበሻው በሙሉ ማጨብጨብ ጀመረ። አጨበጨበ፣ ያውም በምታቸው ልክ፤ አንዳንዱ ትከሻውን ጣል ያደርጋል። ዶክተር አስረሳኸኝ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርፃል። ያንን የእግር ምት ያውቀዋል። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ በፊልም ያሳየዋል፤ ሕዝብ በዚህ ምት ምን እንዳለና ለማን እንዳለ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል። መነጽሩን ግን አላወለቀም።

ሙርሺዳ ሮጣ የብረቱን ጎን በመዳፏ ደበደበች። «ሀጂ! ሀጂ!»

ሀጂ ጎንበስ አለ። ሞተሩ ያጓራል፤ እግሩ መሬት ይመታል፤ ጭብጨባው አለ። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ይውረዱ! በአላህ ይውረዱ!»

«ውሃ? ድንኳኑ ሥር አለ!»

«አፈሙዙን ያንሱት! ሴትዮዋ ላይ ነው ያለው!»

«ተይ ባክሽ፣ ሕዝቡ ይደሰት!» ብሎ ተቃና፤ መልሶም አውለበለበ።

ሙርሺዳ ዞረች። አሁን የቆመችው መሀል ላይ ነው። ከወዲያ ወገኖቿ እያጨበጨቡ ነው፤ ዕቃዋን የሚሞላላት ሰው ከአናቷ በላይ እየሳቀ ነው። ከፊቷ ሴቶቹ አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም፤ ዓይናቸው ከቧንቧው አይነሣም። ከጀርባዋ ያ አፈሙዝ እንዳለ ታውቃለች። ውሸት መሆኑን፣ የውሃ ቧንቧ መሆኑን፣ ቁጥር የታተመበት መሆኑን ታውቃለች። ሆኖም ጀርባዋ ቀዘቀዘ። ሙዘሚልም እንዲህ ቀዝቅዞት ይሆን ስትል አሰበች። ማንጉባኔ አይተዋታል፤ ነይ ወይም ሂጂ አላሏትም፤ እግራቸውን ብቻ ይመታሉ።

ሄዳ አጠገባቸው ቆመች፤ ወደ መኪናው ዞረች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን አነሣች።

«ዬህላ!»

«ሙርሺዳ ጨፈረች!» አለ ሐበሻው። «ከሁለት ዓመት ሐዘን በኋላ ጨፈረች!» እልልታው ቀለጠ። ከሜይፌር ሴቶች መሀል ሳትጮህ ሳታጨበጭብ አፏን ይዛ የቆመችው ዩስራ ብቻ ናት።

ነገሩ የገባው ሌላ ሰው ቢኖር መኪናውን የሚነዳው ኦም ኮቡስ ነው። በጠባቧ መስኮት በኩል ፊቱ ቲማቲም ሲመስል ታየ። ያንን ድምፅ ከዚያው ወንበር ላይ ሆኖ ድሮ ሰምቶት ይሁን አይሁን የሚያውቀው እሱ ነው። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ። ብረት ለበሱ እያጓራ ማፈግፈግ ጀመረ፤ ሴቶቹም በዚያው ምት፣ ሳይሮጡ፣ እግር በእግር ተከተሉት። ሀጂ ሸረፈዲን ወደ ኋላ እየተጎተተ ወደ ፊት እያውለበለበ፣ ቧንቧውን ዘቅዝቆ፣ በሜዳው በር ወጣ። ሐበሻው እስከ በሩ ድረስ አጨበጨበለት።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ቀን አልሆነም። ምግቡ ቀዘቀዘ። ዶክተሩ በድምፅ ማጉያው «ታሪካዊ ቅጽበት» አለ። ሴቶቹ ዶቃቸውን አስተካክለው ወደ ሚኒባሶቹ ሄዱ። ሙርሺዳ ማንጉባኔን ደግፋ አደረሰቻቸው። ስለ ቁልፉ ለመጠየቅ አንደበቱን አላገኘችውም።

«ያ ሰውዬ ማነው?» አሏት አሮጊቷ፣ በሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ።

«ለሱቁ ዕቃ የሚሰጠኝ ሰው ነው፣ ጎጎ።»

«ምን አድርጌው ነው ያነጣጠረብኝ?»

«አላነጣጠረብዎትም። በኛ ሀገር አፈሙዝ ሲዘቀዘቅ ሐዘን ነው። ለባሌ ማዘኑ ነበር።»

ማንጉባኔ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ትቀልድ እንደሆነ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ የደስታ ሳቅ አይደለም፤ ሲስቁ ሳል ያዛቸው።

«ሐዘን! በሂፖ ላይ ሆኖ!» ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ነገር ላይ ቆሞ ያዘነልን ሰው አላየሁም። ምን እንዳየሁበት አትጠይቂኝ፤ ያንን ላወራ አልመጣሁም።»

ማንጉባኔ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደው ቁልፉን አወጡ። ግን ወዲያው አልሰጧትም።

«ኮሚቴዎቹ እግርሽን አይተዋል» አሏት። «የቆምሽበትን አይተዋል። ሰኞ ነይ። ነገር ግን ስሚኝ፤ የዚያ ሰውዬ አንዲት ሳሙና እንኳ ግቢዬ ከገባች መልሼ እቆልፈዋለሁ። መደርደሪያሽ ባዶ ይሁን፤ እሱ ከሚሞላው ባዶ ይሁን።»

ቁልፉን መዳፏ ላይ አደረጉላት። ሞቅ ያለ ነበር።

ሀጂ የደወለው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ድምፁ የሙሽራ ድምፅ ነው።

«ሙርሺዳ! አየሽው ሕዝቡን? ወላሂ ሰውነቴን ነው የወረረኝ! አንቺ ደግሞ፣ አንቺ! አላህ ይባርክሽ፣ እንደዚያ ትጨፍሪ የለም እንዴ! ስሚ፣ ዶክተር ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ሊለጥፈው ነው። ግጥሙን ተርጉሚልኝ፣ ከሥሩ እንጻፍበት።»

«‹ዬህላ› ማለት ውረድ ማለት ነው፣ ሀጂ።»

«ውረድ?»

«ውረድ። ‹ዬህላ ዌና›፣ አንተ ውረድ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ያንኑ ብቻ?»

«ስላልወረዱ ነዋ!»

በስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ሙርሺዳ ገባው ብላ ልቧ ራራ፤ ትንሽ እንኳ ልታጽናናው ቃል ፈለገች። ሀጂ ግን ሲያስብ የቆየው ሌላ ነገር ነበር።

«ስሚኝማ» አለ። «ሰኞ ዕቃሽን ይዤልሽ እመጣለሁ። ከኋላ የጭነት መኪናው፣ ከፊት ጉማሬው! አንድ ሌባ ከዚያ በኋላ ደጅሽን ቀና ብሎ አያየውም። ኢንሻአላህ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አደርገዋለሁ፤ ለሐዘን አይደለማ አሁን።»

«ሀጂ፣ ዕቃዎን አልፈልግም።»

«ምን?»

«አልፈልግም። ስለ እስካሁኑ አላህ ይስጥልኝ። እንዳይመጡ።»

«ባዶ ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ? አብደሻል? ማን ሊሰጥሽ ነው? ጄፒ ውስጥ እኔ እምቢ ካልኩ ማን ነው የሚሰጥሽ?»

«ማንም።»

«እኔ ለሟች ባልሽ መትረየስ ዘቅዝቄ! ሰው ሁሉ እያለቀሰ! ውለታ ቢስ!» ብሎ ሲጮህ፣ እሷ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ ድምፁ ከሩቅ የትንኝ ድምፅ መሰለ። ዘጋችው።

አመሻሽ ላይ ዩስራ ስልኳን ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቪዲዮው በየሰው ስልክ እየዞረ ነው። ሙርሺዳ መጋረጃ እየጠቀለለች ነበር።

«ከሥሩ ምን እንደጻፉበት ላንብብልሽ?»

«አንብቢው።»

ዩስራ ጉሮሮዋን ጠረገችና በዶክተር አስረሳኸኝ ድምፅ አነበበች። «‹የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ፣ ሀጂያችን ውረድልንና አብረን እንጨፍር እያለ ፍቅሩን ሲገልጽ።›»

ሙርሺዳ መጋረጃውን ለቀቀችው። መጀመሪያ ልትናደድ ነበር። ግን ሳቁ ቀደማት፤ ዩስራም ያዛት፤ ሁለቱ ተያይዘው አልጋው ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። ከተነሡ በኋላ ዩስራ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችና በጣቷ ጠቆመች።

«እዩዋት ደግሞ ይቺን። ከሁሉም በላይ የምትጮኸው አንቺ ነሽ።»

ሙርሺዳ ስልኩን ተቀበለች። ሴቶቹ መሀል አንዲት ነጭ ሻርፕ ያደረገች ሴት አለች፤ አፏ እንደተከፈተ፣ ዓይኗ ወደ ላይ እንደቀና፣ እግሯ አየር ላይ ነው። ማን እንደሆነች ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።